በእጅ የያዙት ወርቅ፦ ዳላስን ያላየ የዳላስ ነዋሪ

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

ከዲሲ ወይም ከሲያትል እንግዳ ሲመጣብን ሁልጊዜ የምንጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። «ለመሆኑ ዳላስ ምን ይታያል?» ይሉናል። እኔም እንደ ብዙው የዳላስ አበሻ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር የምጠብቀው። «ምን ይታያል ብለህ ነው? መንገድ ነው፤ ሙቀት ነው፤ ሥራ ነው። ደግነቱ የስቴት የገቢ ግብር የለም። ለመዝናናት ከሆነ እኛ እናንተ ጋ እንመጣለን እንጂ!» እንባባልና ተሳስቀን ወደ አንዱ የአበሻ ምግብ ቤት እንሄዳለን። ክትፎ ይታዘዛል፣ ፖለቲካ ይነሳል፣ እንግዳው በነጋታው ይሸኛል። ይህን መልስ ከአሥር ዓመት በላይ ሳልሰለች ሰጥቻለሁ። ስሕተት መሆኑን ያሳየችኝ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴ ናት።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዳላስን ለቱሪስት ማስተዋወቅ አይደለም። የስደት ከተማችንን እንደ ሆቴል ክፍል ቆጥረን ስንኖር ምን ያህል ውበትና ምን ያህል ታሪክ፣ ከዚያም ውስጥ በከፊል የራሳችንን ታሪክ፣ ሳናይ እንደምናልፍ ለማሳየት ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአምስት ኪሎ እስከ ሂዩስተን

አስቀድሜ ኑዛዜ ላቅርብ። ይህ አለማየት አሜሪካ ከገባሁ በኋላ የያዘኝ በሽታ አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪዬን የሠራሁት አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም እዚያው አምስት ኪሎ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልገባሁም። ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወጣ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። ፋሽስት ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሕዝባችንን እንዴት እንደፈጀ የሚያሳዩ ቅርጾች በጎኖቹ ላይ ተቀርጸዋል። ለእኛ ግን ሐውልቱ ታክሲ የምንጠብቅበትና ከጓደኛ ጋር የምንቀጣጠርበት ቦታ ነበር። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ግዙፍ የመስታወት ሥዕልም ከፖስታ ካርድ በቀር በዓይኔ አላየሁትም።

ከዚያ አሜሪካ ገባሁ። በ2008 ከዳላስ ሂዩስተን አራት ሰዓት ነድቼ፣ ትኬት ቆርጬ፣ ተሰልፌ ድንቅነሽን አየሁ። የሂዩስተን የተፈጥሮ ሳይንስ ሙዚየም ከኦገስት 2007 መጨረሻ ጀምሮ ለሕዝብ ሲያሳያት ነበር። በዚያን ጊዜ አጥንቷ ከአገር መውጣቱ ተገቢ ነው፣ አይደለም እየተባለ በየጉባኤው ብዙ ተከራክረናል። እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ከመስታወቱ ፊት ስቆም ግን ያፈርኩት በሌላ ነገር ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴ የነበረችውን ሰው በባዕድ አገር፣ ገንዘብ ከፍዬ ተዋወቅኳት። «አዲስ አበባ ለሕዝብ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ቅጂዋ ነው» ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። ቅጂዋንስ መች አየሁና!

አባ እንጦንስ በፎርት ወርዝ

እናቴ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ቤት መዋል እስር ቤት ሆነባት። እኔና ባለቤቴ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ከቤት እስከ መንገድ የሰው ዘር አይታይም። «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ከተማ አንድ የሚታይ ነገር የለውም?» አለችኝ። ለእንግዳ የምሰጠውን መልስ ለእናቴ መስጠት አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የፈለግሁት መግቢያው ነጻ የሆነ ቦታ ነበር። ፎርት ወርዝ ያለው የኪምቤል ሙዚየም ቋሚ ስብስቡን ያለ ክፍያ እንደሚያሳይ አገኘሁና አንድ ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ።

መሐንዲስ ነኝና እኔ ገና ከመግባቴ ጣራው ላይ ቀረሁ። ሕንጻውን የሠራው በኢስቶኒያ የተወለደው አርክቴክት ሉዊስ ካን ሲሆን፣ የተከፈተው በ1972 ነው። የስትራክቸር መሐንዲሱ አውጉስት ኮመንዳንትም የኢስቶኒያ ተወላጅ ነበር። ጣራው ጎን ለጎን የተደረደሩ 16 ረጃጅም ቅስቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ወደ 30 ሜትር ይረዝማሉ፣ 7 ሜትር ይሰፋሉ፣ የቆሙት ግን በአራት ማዕዘኖቻቸው ብቻ ነው። የቅስቱ ቅርጽ ሳይክሎይድ ይባላል። በሚንከባለል ጎማ ጠርዝ ላይ ጠመኔ ብታስሩ ጠመኔው ግድግዳው ላይ የሚሥለው መስመር ማለት ነው። የሚገርመው ግን አናቱ ነው። ቅስትን አንድ አድርጎ የሚይዘው አናቱ ላይ ያለው ድንጋይ ነው፣ እሱ ከወጣ ሁሉም ይፈርሳል ተብለን ነው የተማርነው። ካን ግን በዚያው አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር ከፍቶ ብርሃን አስገባበት። አይፈርስም፤ ምክንያቱም ጣራው መልኩ ቅስት ይሁን እንጂ ሥራው የተሸካሚ ቢም ነው። በኮንክሪቱ ውስጥ የተወጠሩ የብረት ገመዶች ይዘውታል። የገባውም ብርሃን በቀጥታ አይወርድም። ከሥሩ የተንጠለጠለ ባለ ቀዳዳ አሉሚኒየም መልሶ ወደ ኮንክሪቱ ይረጨዋል፤ ያ ግራጫ ኮንክሪት እንደ ብር ያበራል። ውጭ ደመና ሲያልፍ ውስጡ ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ስትመለስ ይፈካል። በየቀኑ ኮንክሪት ሳሰላ የምውል ሰው፣ ኮንክሪት እንዲህ መሆን እንደሚችል ለማወቅ ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ቀና ብዬ ስቆጥር እናቴ ከአንዲት ትንሽ ሥዕል ፊት ቆማለች። ሥዕሉ ላይ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ሰይጣናት ከበው ልብሳቸውን ይጎትታሉ፣ በዱላ ይመታሉ። የመነኩሴው ፊት ግን የረጋ ነው። እኔ ከጎኑ ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ ስጀምር እሷ ቀደመችኝ።

«ውይ! አባ እንጦንስ አይደሉም እንዴ!»

ነበሩ። የመነኮሳት አባት፣ ግብጻዊው አባ እንጦንስ። በዓላቸው ጥር 22 እንደሆነ፣ ሰይጣን በበረሃ እንዴት እንደፈተናቸው ከዚያው ቆማ ተረከችልኝ፤ አጠገባችን የነበሩ ሁለት አሜሪካውያን ቋንቋው ሳይገባቸው ዘወር ብለው ያዳምጡ ነበር። ሥዕሉ ማይክል አንጄሎ የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ ሳለ እንደሣለው የሚነገርለት ነው፤ ሙዚየሙ የገዛው በ2009 ነው።

«የሣለው ማነው?» አለችኝ።

«ጣሊያን ነው፣ እማዬ። ልጅ ሳለ ነው የሣለው።»

«ጣሊያን?» አለችና ፊቷ ተለወጠ። የአባቷን ቤት ያቃጠለው ጣሊያን ነው። ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ሥዕሉን እንደገና አየችና «ልጅ ሳለማ ከሆነ ምን አጠፋ» ብላ ይቅር አለችው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «ነጮቹ የሰበሰቡትን አየን። እናንተን የመሰለው ጥቁር ሰው ደግሞ በዚህ አገር ምን ሠራ?» ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ መልስ አጣሁ።

ከጎማችን ሥር

መልሱን ፍለጋ ስጀምር መጀመሪያ ያገኘሁት ከገዛ መኪናዬ ጎማ ሥር ነው። በሪቻርድሰን፣ በግሪንቪልና በፎረስት ሌን አካባቢ ያለን አበሾች ወደ መሐል ከተማ የምንወርድበት 75 ቁጥር መንገድ፣ ሴንትራል ኤክስፕረስዌይ፣ ከሌመን ጎዳና አጠገብ ከጥቁሮች መቃብር ጋር ይገናኛል። ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች በ1869 ያቋቋሙት የነጻ ወጪዎቹ መካነ መቃብር ነው። በ1940ዎቹ መንገዱ ሲሠራ ከመቃብሩ ከፊሉ ላይ አስፋልት ተነጠፈበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንገዱን ለማስፋት ሲቆፈር ነገሩ ወጣ። አርኪዮሎጂስቶች ከ1,100 በላይ መቃብሮችን አንድ በአንድ እየመዘገቡ አነሡ፣ አጽሙም እንደገና በክብር አረፈ። በ1999 ዴቪድ ኒውተን የቀረጻቸው የነሐስ ሐውልቶች ያሉበት መታሰቢያ ቆመ።

በዚያ በኩል ለዓመታት ተመላልሻለሁ። የመታሰቢያውን የድንጋይ በር አየው ነበር፤ የአፓርትመንት መግቢያ ይመስለኝ ነበር። መንገድ ሥራዬ ነው። ካርታ ላይ መስመር የሚያሰምር ሰው መስመሩ ማን ላይ እንደሚያርፍ ካላየ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚያ ቦታ የተሻለ የሚያስተምር የለም።

ያ ሰኔ

ፍለጋው በመጨረሻ የወሰደኝ ሁላችንም ወደምናውቀው ወደ ፌር ፓርክ ነው። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ የቴክሳስ ስቴት ፌር ሲከፈት ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን። ቢግ ቴክስ ከሚባለው ረጅም ካውቦይ ሥር ፎቶ እንነሣለን፣ በዘይት ያልተጠበሰ ነገር እናጣለን፣ ልጆቹ በመንኮራኩሩ ላይ ይሽከረከራሉ፣ ደክመን እንመለሳለን። በዙሪያችን የቆሙት ሕንጻዎች፣ ግድግዳ ሙሉ ሥዕሎቹና የሴት ሐውልቶቹ፣ ለመኪና ማቆሚያ ምልክት ካልሆኑ በቀር ምን እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም። ለካስ ቴክሳስ ከሜክሲኮ ነጻ የወጣችበትን መቶኛ ዓመት ለማክበር በ1936 የተሠሩ፣ በአሜሪካ ከሚደነቁት የአርት ዲኮ ሥራዎች መካከል ናቸው።

በዚያ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ሌላ ሕንጻ ነበር። የዳላስ ጥቁር ነጋዴዎች ምክር ቤት የእኛም ድርሻ ይታይ ብሎ ተነሣ። ከቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ገንዘብ አላገኘም፤ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት 100 ሺህ ዶላር ሰጠ። በዚያ ገንዘብ በዘመኑ አጠራር «የኔግሮ ሕይወት አዳራሽ» የተባለው ቤት ተሠራ። የተከፈተው ጁን 19 ቀን 1936 ነው። ቀኑ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ በ1865 በዚያው ዕለት ነበር የነጻነቱ ትእዛዝ ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ላይ የተነበበው።

አሁን ይህን ቀን በእኛ አቆጣጠር አስሉት። ሰኔ 12 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 27 ቀን ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገብቷል። አዳራሹ ከተከፈተ ከ11 ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ያንን ንግግር አደረጉ። አገራችን በጠፋችበት በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ዳላስ ላይ ጥቁሮች ሰው መሆናቸውን ለማሳየት አዳራሽ ይከፍቱ ነበር። ሁለቱ ነገሮች የማይተዋወቁ አልነበሩም። ከ1935 ጀምሮ የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች የኢትዮጵያን ጉዳይ የራሳቸው አድርገው ይከታተሉ ነበር። ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን ሄዶ ለኢትዮጵያ አውሮፕላን አበረረ። በ1937 ደግሞ ዶክተር መላኩ በያን ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋመ። ያን አዳራሽ ከጎበኙት ጥቁሮች መካከል ኢትዮጵያ የሚለውን ስም በልቡ ያልያዘ ጥቂት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በአዳራሹ መግቢያ ላይ አሮን ዳግላስ የሣላቸው አራት ትልልቅ ሥዕሎች ነበሩ። «ወደ ባርነት» በተባለው ላይ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች መርከቦቹ ወደቆሙበት ባሕር ሲሄዱ ይታያሉ፣ ከላያቸው ኮከብ ያበራል። «ምኞት» ብለን ልንተረጉመው በምንችለው ላይ ደግሞ ከታች የታሰሩ እጆች ወደ ላይ ተዘርግተዋል። ከእጆቹ በላይ ሦስት ሰዎች ከፍ ብለው በሩቅ ያለችውን ከተማ ይመለከታሉ። በእነሱ እጅ መጽሐፍ፣ ኮምፓስና የማዕዘን መለኪያ አለ። ኮምፓስና ማዕዘን መለኪያ የእኔ የሙያ ዕቃዎች ናቸው። በ1936፣ በዳላስ፣ አንድ ጥቁር ሰው ኮምፓስ የያዘ ጥቁር ሰው ሣለ። እኔ ከሰባ ዓመት በኋላ መሐንዲስ ሆኜ እዚህ ከተማ ስገባ በሩ ዱሮም የተከፈተ ይመስለኝ ነበር።

ከ400 ሺህ በላይ ሕዝብ አዳራሹን ጎበኘ፤ አብዛኛው ነጭ ነበር። ኤግዚቢሽኑ እንዳበቃ ግን አዳራሹ ወዲያው ፈረሰ። ከሌሎቹ ትልልቅ ሕንጻዎች ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል። ከአራቱ ሥዕሎች ሁለቱ የት እንደደረሱ አይታወቅም። «ወደ ባርነት» ዛሬ ዋሽንግተን፣ በናሽናል ጋለሪ ነው፤ «ምኞት» ሳን ፍራንሲስኮ ነው። የዲሲ ወገኖቻችን ዳላስ ምን ይታያል ሲሉኝ፣ የዳላስን ሥዕል እናንተው ጋ ሄዳችሁ እዩ ማለት እችል ነበር ማለት ነው።

መዝናኛውም ቢሆን በነጻ የተገኘ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ጥቁር ልጆች ስቴት ፌርን እንደልባቸው መዝናናት የሚችሉት በዓመት ለእነሱ በተመደበች ቀን ነበር። በ1955 ወይዘሮ ሁዋኒታ ክራፍት ወጣቶቹን አሰልፈው በር ላይ ተቃውሞ አደረጉ። ክልከላው ሙሉ በሙሉ ለመነሣት እስከ 1960ዎቹ ፈጅቷል። ልጆቼ በመንኮራኩሩ ላይ ሲጮኹ ስሰማ አሁን ይህን አስባለሁ።

ከፌር ፓርክ ውስጥ፣ ያ አዳራሽ ከነበረበት አካባቢ፣ በ1993 የአፍሪካን አሜሪካን ሙዚየም ሕንጻ ተሠርቷል። እናቴን ወሰድኳት። ስለ ፈረሰው ቤት ስነግራት ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር። «ሲፈርስ የጮኸ ሰው አልነበረም?»

ጎረቤታችን ገብረ ክርስቶስ

ይህ ጥያቄ ወደ እኛው ያመጣኛል። ከፎርት ወርዝ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሦስት ሰዓት ያህል ሲነዳ፣ ቀይ ወንዝን ተሻግሮ፣ ሎተን የምትባል የኦክላሆማ ከተማ አለች። ሐረር የተወለደው፣ ኮሎኝ የተማረው፣ ዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሥዕል ከስክንድር ቦጎስያን ጋር ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በስደት ያረፈው በ1981 እዚያች ከተማ ነው፤ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና ጸሐፊ ነበሩ። ከብራና ተነሥቶ፣ በጀርመን በኩል ዞሮ፣ ሜዳማው የኦክላሆማ አገር ላይ የተቋጨ ሕይወት ነው። በ2008 አዲስ አበባ በስሙ ሙዚየም ተከፍቶለታል።

ያችን ከተማ ለሥራ ሁለት ጊዜ አልፌባታለሁ። ቤንዚን ቀድቼባታለሁ። ግጥሞቹን ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃቸው ነበር። ሰውን እያወቅን ቦታውን፣ ቦታውን እያወቅን ሰውን እንስታለን።

አገር እየነደደች?

አንዳንድ አንባቢ «አገር እየነደደች አንተ ስለ ሥዕልና ስለ ጣራ ታወራለህ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ከ2020 ወዲህ የጦርነት ዜና ሳንሰማ ያደርንበት ሌሊት ጥቂት ነው፤ እኔም የጎጃም ስልክ ሲዘጋ እንቅልፍ የማጣ ሰው ነኝ። ነገር ግን የ1936ቱን ሰዎች ተመልከቱ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ላይ ናቸው፤ በነጭ ምግብ ቤት መቀመጥ አይችሉም፤ ተስፋ ያደረጓት ነጻ ጥቁር አገር ተወርራለች። እነሱ ግን ሠዓሊ ጠርተው ግድግዳ አሣሉ። ጊዜ ስለተረፋቸው አይደለም፤ ውበት ነበርን የሚል ምስክር መሆኑ ስለገባቸው ነው። አፍራሾቹም ይህ ስለገባቸው ይመስለኛል ለማፍረስ የቸኮሉት።

እኛስ? ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደ ዳላስ መምጣት ከጀመርን አርባ ዓመት አልፏል። የመጀመሪያው ቡና የተፈላበት አፓርትመንት፣ የመጀመሪያው እንጀራ የተሸጠበት ሱቅ፣ የመጀመሪያው እድር የተቋቋመበት ሳሎን የት ነበር? በ2012ና በ2018 የስፖርት ፌዴሬሽናችን ውድድር እዚህ ሲካሄድ በስታዲየሙ ዙሪያ የነበረውን ሽር ጉድ በሥርዓት ያስቀመጠው ማነው? ያ ትውልድ እያለፈ ነው። ዛሬ ያላየነውንና ያልመዘገብነውን ነገ ማንም አያፈርስብንም፤ ራሱ ይጠፋል።

እናቴ ወደ ደብረ ማርቆስ ከተመለሰች በኋላ ልማዱ ቀርቶልኛል። በወር አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ። በሚያዝያ ከዳላስ በስተደቡብ ወደ ኤኒስ ሄደን ብሉቦኔት የሚባለውን ሰማያዊ አበባ እናያለን፤ አደይ አበባን እነግራቸዋለሁ። በመሸ ጊዜ ገበያ ማዕከሉ የመኪና ማቆሚያ ላይ እየተንጫጩ የሚሰፍሩትን ጥቋቁር ወፎች ቆመን እንቆጥራለን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ዓይን ነው የሚጠይቀው።

ባለፈው ሰሞን ከሲያትል አንድ የዱሮ ወዳጄ ደውሎ ሊመጣ እንዳሰበ ነገረኝ። እንደተለመደው «ለመሆኑ ዳላስ ምን ይታያል?» አለኝ።

«ስንት ቀን ትቆያለህ?» አልኩት።

ቸር ይግጠመን።